የእናቴ ድሪቶ

ቁርጥራጩን ጨርቅ ገጣጥሜ የጨረስኩ ዕለት ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከላይ የሚታየውን ፊት በእናቴ የስፌት መኪና ሰፍቼ፣ በካውያ ተኩሼ፣ አልጋዋ ላይ ዘረጋሁትና ፎቶ አነሳሁት። ፎቶውን ለሥራ ባልደረቦቼ ላክሁ። «ዋው! ጨረስሽው?» አሉኝ። «በቃ ጨረስኩት» አልኩ። ምን እንዳስቸኮለኝ እንጃ። ያኔ ሰኔ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር ድረስ እሁድ የሚባል ዕረፍት አላየሁም።

ነገሩ የተጀመረው በብርድ ነው። እናቴ ካገባች ጀምሮ የኖረችው ካዛንቺስ፣ ግድግዳው ከግራም ከቀኝም ከጎረቤት ጋር በተጣበቀ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ያ ቤት ብዙ ነገር ይጎድለው ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ብርድ ግን አያውቅም። በአንዱ ወገን የጎረቤት ምድጃ፣ በሌላው ወገን የጎረቤት ልጆች ሲራገጡ ግድግዳውን ያሞቁታል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ «እኔ ጋ ነይ» ብላት ወይ ፍንክች! እኔ ከባሌና ከልጆቼ ጋር የምኖረው ከተማው ዳር ነው፤ እሷ ደግሞ «ከቤተ ክርስቲያኔ አልርቅም» አለች። ስለዚህ ቂርቆስ ውስጥ፣ ከደምበል ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራየሁላት። ቤቷ ንጹሕ ናት፤ የራሷ ውኃ፣ የራሷ ሽንት ቤት አላት። ፀሐይ ግን ዘወር ብላ አታያትም። ግድግዳውን በእጅ ስትነኩት ማቀዝቀዣ የነካችሁ ይመስላችኋል።

እናቴ ስትተኛ የምትለብሰው አንድ የሳሳ ብርድ ልብስና ከላዩ ጋቢ ነው። ወፍራም የቻይና ብርድ ልብስ ገዛሁላት። ሳምንት ሳይሞላው ለሕንፃው ጥበቃ ሰጠችው። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ይከብደኛል፤ ሰው የተኛብኝ ነው የሚመስለኝ» አለች። ጋቢ ልጨምርልሽ ስላት አንዱ ይበቃኛል አለች። ስደውልላት ጥርሷ ሲንገጫገጭ በስልክ ይሰማኛል፤ «በርዶሻል?» ስላት «ኧረ ደህና ነኝ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ከሥራ፣ ከልጅና ከታክሲ ሰልፍ ተርፌ እሷ ጋ የምደርሰው በሳምንት መጨረሻ ብቻ ነው። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ በሌለሁባቸው ቀናት የሚያሞቃት፣ የማይከብዳትና ለጥበቃ የማትሰጠው ነገር።

እናቴ ለብዙ ዓመት እቤቷ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ ስትሰፋ ኖራለች። ከየሰው ልብስ የተረፈውን ቁራጭ በማዳበሪያ አጭቃ ታስቀምጥ ነበር፤ ከካዛንቺስ ስትወጣ አልጋዋን ለመሸጥ አላመነታችም፣ ያንን ማዳበሪያ ግን አልጣለችም። ዩቲዩብ ላይ የፈረንጅ ሴቶች ቁራጭ ጨርቅ እየገጣጠሙ፣ ውስጡን ጥጥ ሞልተው ብርድ ልብስ ሲሠሩ አየሁ። ቀላል ነው፣ ይሞቃል ይላሉ። ማዳበሪያውን ከፍቼ ቁርጥራጩን በየቀለሙ መለየት ስጀምር እናቴ ከወንበሯ ሆና አየችኝ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ብርድ ልብስ። ላንቺ።»

«ድሪቶ በይኛ!»

ተወልዳ ያደገችው ገጠር ነው። ከእህት ወንድሞቿ ጋር እየተጓተተች የተኛችው በተደራረተ ጨርቅ ሥር እንደነበረ ሳውቅ ኖሬያለሁ፤ ነገሩን ግን እንደ ተረት ነበር የምሰማው። «እኔ ከድሪቶ ሸሽቼ ነው አዲስ አበባ የገባሁት» አለች። «አሁን በስተርጅና ልጄ ድሪቶ ታለብሰኝ?» ጌጥ ነው፣ ፋሽን ነው፣ ፈረንጅም ይሠራዋል ብዬ ባስረዳት ባስረዳት «ፈረንጅ ድሪቶ ቢለብስ ደሃ ነው የሚለው የለም» ብላ ዘጋችኝ። ሥራዬን ግን አላቆምኩም፤ ግትርነቱን ከማን ወረስኩት?

እንግዲህ ፊቱ አለቀ። የቀረው ሦስቱን ንብርብር አንድ ማድረግ ነበር፤ ከታች ገበሩ፣ መሐል ጥጡ፣ ከላይ ፊቱ። ሦስቱ ካልተያያዙ ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ይሰበሰብና ትራስ ይሆናል። እኔማ በስፌት መኪናዋ ዚግ ዚግ አድርጌ በአንድ ከሰዓት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። መኪናዋ ጥጡን ስትቀምስ አንድ ጊዜ አጉረመረመችና መርፌዋን ቀጭ አደረገች። ሌላ መርፌ ገጠምኩላት፤ እሱንም ሰበረችው። እናቴ «መኪናዬን ልትገድያት ነው» ብላ ክዳኑን ከደነችው፤ ከላዩ ላይም የአበባ ማስቀመጫ አኖረችበት።

ተሸክሜ ኦሎምፒያ አካባቢ ወደሚገኝ ትልቅ የስፌት መኪና ያለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። በፌስታል ያልገባልኝን ጭነት ጠረጴዛው ላይ ስዘረግፍበት በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አየው።

«እህቴ፣ እኛ የምንሰፋው ልብስ ነው።»

«ይሄስ ምን መሰለህ?»

«ፍራሽ ነዋ!»

አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ሳቁን በሳል ሸፈነው። መልሼ ተሸከምኩት። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «እሱ ለብቻው ይከፍላል» አለኝ። እየቀለደ መሰለኝ፤ አልቀለደም። በቃ፣ በእጄ እሰፋዋለሁ ብዬ የወሰንኩት እዚያ ታክሲ ውስጥ ነው። ንዴት ባያሰፋኝ ፍላጎት ብቻውን አያሰፋኝም ነበር።

ለመዘርጋት እንኳ ቦታ የለም። የእናቴ ቤት አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና ሁለት ወንበር ከገቡበት በኋላ ወለል አልተረፈውም። የአራተኛ ፎቁን ኮሪደር ጠርጌ ገበሩን አነጠፍኩ፣ ጥጡን በተንኩ፣ ፊቱን አለበስኩና እንዳይንሸራተት በመርፌ ቁልፍ እያያዝኩ በጉልበቴ መሄድ ጀመርኩ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሰው ሁሉ በደረጃ ነው የሚያልፈው። አንዷ ጎረቤት ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ቆማ «እህል ልታሰጪ ነው?» አለችኝ። ሌላው ስልክ እያወራ ጫማውን ሳያወልቅ ተራምዶበት ሄደ። እናቴ በሯን በጥቂቱ ከፍታ በዚያች ቀዳዳ ታየኛለች፤ አለመውጣቷ የእኔ ሥራ እንዳያሳፍራት ነው። «ቶሎ በይና አስገቢው፣ ሰው እያየ ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ።

ከዚያ ስፌቱ ተጀመረ። ዩቲዩብ ላይ ያየኋት ሴትዮ ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥራ፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ ከፍታ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የደቀቀ ስፌት ትደረድራለች። እኔ መርፌውን ሦስቱን ንብርብር ለማሳለፍ በጥርሴ የምጎትትበት ጊዜ ነበር። የእኔ ስፌት አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ከታች ያልወጣ ነው። ለጣቴ የገዛኋት የብረት ቆብ ሰፋችኝ፤ ክር ጠቅልዬ ባጠባትም በየሁለት ስፌቱ እየወለቀች አልጋ ሥር ትገባለች። ሰኞ ሰኞ ካዛንቺስ ያለው ቢሮዬ ገብቼ ኪቦርዱን ስነካ የጣቶቼ ጫፍ ይለበልበኛል። አለቃዬ «እጅሽን ምን ሆንሽ?» ሲለኝ «ስፌት» አልኩት፤ ሆስፒታል ሄጄ የተሰፋሁ መስሎት «አይዞሽ፣ ይሻልሻል» አለኝ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር አትነቃነቅም። እጇን አታስገባም፤ አፏን ግን አትሰበስብም።

«እሱ ጋ አበጠ።»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ክሩን በጣም ጎተትሽው። ተጨማደደ።»

«ታዲያ አግዢኝ!»

«ድሪቶ አልነካም ብያለሁ።»

ገልብጬ ሳየው እውነትም ገበሩ ተጨማዷል። ዳር እስከ ዳር ሄጄ የጨረስኩትን መስመር መተርተር ነበረብኝ። መተርተር ከመስፋት ይከብዳል፤ ሲሰፋ እንዲህ አስቸግሮኝ የነበረው ክር ሲተረተር ደግሞ አልወጣ አለኝ። ጨርቄን ጥዬ ላብድ የደረስኩት ግን በመስከረም አንድ እሁድ ነው። አልጋው ላይ ዘርግቼው ከጠዋት ጀምሮ ቀና ሳልል ሰፍቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስፌቱ ቀጥ ብሎልኝ፣ በኩራት ላነሳው ስል አልነሳ አለ። ሳብ ሳደርገው የአልጋው አንሶላ አብሮት መጣ። የጠዋቱን ሥራ በሙሉ ከአንሶላው ጋር ሰፍቼዋለሁ! እናቴ አንሶላውን አየችና ሳቋ ፈነዳ። በጋቢዋ ጫፍ ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እኔን ግን ማልቀስ ነበር ያማረኝ፤ ትንሽም አለቀስኩ።

ጠርዙን መቀምቀም ስደርስ ነገር ያለቀ መሰለኝ፤ ደግሞ መሰለኝ። ከማዳበሪያው ውስጥ የወጣ ሰማያዊ የመጋረጃ ጨርቅ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጬ፣ ቀጣጥዬ፣ በአራቱም ዙሪያ እያጠፍኩ በእጄ ቀመቀምኩት። የመጨረሻው ጥግ ላይ ስደርስ ጨርቁ አለቀ። አንድ ክንድ የማይሞላ ነገር! ማዳበሪያውን ገልብጬ አራገፍኩት፤ ሰማያዊ የሚባል ዘር የለም። ቁራጯን ይዤ ደምበል አካባቢ ያሉትን የጨርቅ ሱቆች ዞርኩ። አንዷ ባለሱቅ ቁራጬን አገላብጣ አየችው።

«ኧረ ይሄ ቀለም ቀርቷል፣ ማለቴ ድሮ ነበር። ይሄን የመሰለ ግን አለኝ» ብላ ሌላ አወጣች።

«እሱ እኮ አረንጓዴነት አለው።»

«በቃ ሲታጠብ ይመሳሰላል!»

እያወቅሁ ገዛሁት፤ ጉልበቴ አልቆ ነበር። ጥጉን ስቀመቅም እናቴ ከወንበሯ «እዛ ጋ ሌላ ቀለም ሆነ» አለች። የመጨረሻዋን ስፌት ሰፍቼ ክሩን በጥርሴ በጥሼ አልጋዋ ላይ አነጠፍኩት። «ዛሬ ይሄን ለብሰሽ ነው የምትተኚው» አልኳት። «እሺ እሺ» አለች። እሺታዋን አውቀዋለሁ፤ እምቢ ማለቷ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመለስ ተጣጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ትራስ አድርጋ ትቀመጥበታለች።

ያን ቀን የካዛንቺስ የድሮ ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት መጡ። ሰፈሩ ከተነሳ ወዲህ አንዷ ከከተማው በዚህ ዳር፣ ሌላዋ በዚያ ዳር ሆነው ለመገናኘት ቀጠሮ የሚይዙ ሰዎች ሆነዋል። ዳቦና ብርቱካን ይዘው፣ ደረጃውን እየረገሙ ገቡ። መቀመጫ ስላልበቃ እናቴ ደንግጣ ያንን ነገር ከወንበሩ ላይ ልታነሳው ስትል አንደኛዋ እጇን ያዘቻት።

«እስቲ ቆይ፣ እስቲ ቆይ። ይቺ የልጄ ዩኒፎርም አይደለችም?»

«የትኛዋ?»

«ይቺ ቡኒዋ! አንቺው ነሽ የሰፋሽላት፤ እጅጌው ረዘመ ብለን የተጣላን ጊዜ።»

ተንጠራርተው ዘረጉት። ሌላዋ መጋረጃዋን አገኘች፤ «ይሄ የሳሎኔ ነው! ባለቤቴ በሕይወት እያለ የተሰቀለው» ብላ ጨርቁን በመዳፏ አሸችው። አንዷ ይዛት የመጣችው፣ ሆቴል የምትሠራ ልጇ ደግሞ ስልኳን አውጥታ በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳችው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሃንድ ሜድ ነው! እኛ ሆቴል ቢሆን ፈረንጅ አብዶ ነው የሚገዛው።» እናቴ በአንድ ጊዜ ቀና አለች። ለወራት ድሪቶ ስትለው የነበረውን «ልጄ ናት፣ ስፌቱን እዩልኝ፣ አንድ በአንድ በእጇ» አለች። ጥጉ ላይ የቀለሙን መለየት ያየችባት ሴትዮ ስትጠቁም ደግሞ «እሱ ሆን ተብሎ ነው፣ ዲዛይን ነው» ብላ መለሰችላት። ደስ አለኝ፤ አሁን አከበረችው፣ አሁን ትለብሰዋለች ብዬ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ አልጋው ላይ ያቺው የሳሳች ብርድ ልብስ ናት። እኔ የሰፋሁት ወንበሩ ላይ የለም። አልጋ ሥር የለም። ለጥበቃው ሰጥታው ይሆናል አልኩ።

«እማዬ፣ የት አደረግሽው?»

በአገጯ ወደ ቁም ሳጥኑ አናት አመለከተችኝ። ትልቁ ሻንጣ አለ። አውርጄ ከፈትኩት። በነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ናፍታሊን ተጨምሮበት፣ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል።

«ለእንግዳ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ይቺ «ለእንግዳ» የምትባል ቃል አብራኝ ነው ያደገችው። ባለአበባው ሳህን ለእንግዳ ነው። ብርጭቆዎቹ ለእንግዳ ናቸው፤ እኛ በጣሳ ስንጠጣ ነው ያደግነው። ሶፋችን ፕላስቲኩ ሳይወልቅለት አርጅቶ ነው የተሸጠው። ሁላችንም እንደዚህ ነን፣ አውቃለሁ። እኔም ቤት ውስጥ ልጆቼ እንዳይነኩት የቆለፍኩበት የሻይ ዕቃ አለ። የብርድ ልብሱ ነገር ግን አንጀቴን አሳረረው።

«የምን እንግዳ? አራተኛ ፎቅ በእግሩ ወጥቶ እዚህ የሚያድር ማን እንግዳ አለ?»

«እንግዳ አይጠፋም፤ ይመጣል።»

«ድሪቶ ነው አልለብስም አልሽ። እሺ። አሁን ደግሞ የክብር ዕቃ ሆነ ብለሽ አትለብሺውም። መቼ ነው የምትለብሺው ታዲያ?»

«ይቆሽሻላ! ዓይንሽን ያጠፋሽበትን ነገር እኔ ላቆሽሸው?»

«እንድታቆሽሺው እኮ ነው የሠራሁት!»

ፈትቼ አልጋዋ ላይ አነጠፍኩትና ወጣሁ። ስመለስ ሻንጣ ውስጥ ነው። እንደገና አወጣሁት፤ እንደገና መለሰችው። ፕላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩባት፤ ሌላ ፕላስቲክ ገዛች። የኅዳር ብርድ መጣ። በስልክ ሳልና የጥርስ መንገጫገጭ እየሰማሁ «ለብሰሻል?» ስላት «አዎ» ትለኛለች፤ ሻንጣው ውስጥ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ማወቄን ታውቃለች። ነገሩ እጅ እጅ አለኝ። ያን ሁሉ ወር ጣቴን የወጋሁት ናፍታሊን ላሞቅ ነው እንዴ?

አንድ እሁድ ጉንፋን ይዞኝ ሄድኩ። ልቀር ነበር፣ ግን ከቀረሁ ሳምንት ሙሉ ስለማላያት እንደምንም ደረጃውን ወጣሁ። ራሴን እያመመኝ ስለነበረ ጫማዬን አውልቄ አልጋዋ ላይ ጎኔን አሳረፍኩ። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነበር። ስነቃ ከሰዓት ሆኗል። ሞቆኛል፤ ላብ ላብ እስኪለኝ ሞቆኛል። ናፍታሊን ይሸተኛል። ዓይኔን ስገልጥ ቡኒው ዩኒፎርም፣ የጎረቤቷ የሳሎን መጋረጃ፣ ጠማማው ስፌቴ ሁሉ አገጬ ሥር ነው። እናቴ ወንበሯ ላይ ጋቢዋን ተጠቅልላ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ደርቋል።

«እማዬ፣ ይሄ ለእንግዳ ነው አላልሽም?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አወጣሽው?»

«እንግዳ አይደለሽም እንዴ? ትመጫለሽ፣ ትሄጃለሽ።»

ልትወቅሰኝ ብላ አልነበረም። ዛሬ ውኃ የለም እንደሚባለው፣ ዝም ብላ ነው የተናገረችው። ከፋኝ። በጣም ከፋኝ። ልጅሽ አይደለሁም ወይ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብላ እንደምትመልስልኝ ስለማውቅ ዘጋሁት። ልጅማ ልጇ ነኝ። ግን ዓመት ሊሞላት በተቃረበባት በዚህች ቤት አንድም ቀን አድሬ አላውቅም። ከጉንፋኔ ይሁን ከንዴቴ፣ ፊቴ ጋለ። እኔ በሌለሁበት እንዲያሞቃት ብዬ ነበር ያን ሁሉ የሰፋሁት። እሱ የሚወጣው ግን እኔ ስመጣ ብቻ ነው፤ እሱም ለእኔ።

«ነይ ግቢ» አልኳት፤ አንዱን ዳር ገለጥኩላት።

«ተይ፣ አንቺ ተኚበት። ስትሄጂ አጣጥፌ መመለሴ ነው።»

«አልሄድም።»

«እንዴት አትሄጂም? ባልሽስ? ልጆቹስ?»

ስልኬን አንስቼ እሷ እያየችኝ ለባሌ ደወልኩ። እናቴ ጋ ላድር ነው አልኩት። አመማት እንዴ አለኝ። አላመማትም፣ ላድር ነው አልኩት።

«ነገ ሥራ የለሽም?» አለች እናቴ።

«አለኝ። ከዚህ እሄዳለሁ፤ ካዛንቺስ ቅርብ ነው።»

ከዚያ ጋቢዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ አጣጥፋ አኖረችው። የቀሚሷን አቧራ አራገፈች፤ ብርድ ልብሱ እንዳይቆሽሽ መሆኑ ነው። ከዳር በኩል፣ ቦታ ላለመያዝ ጥግ ይዛ ገባች። ሳብ አድርጌ አለበስኳት። እግሯ እግሬን ሲነካው በረዶ ነበር።